ምዕራፍ አምስት፦ ምንም ያልተደረገላቸው ልጆች

አንድ ድጋፍ፣ ሕክምና ወይም ሥልጠና ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ የሰው ልቡና በተፈጥሮው ወደሚታየው ነገር ያደላል፤ ድጋፉን ያገኘውን ሰው ይመለከታል፣ ከቀድሞው ሁኔታው ጋር ያስተያየዋል፣ ተሻሽሎ ካገኘውም ምስጋናውን ለድጋፉ ይሰጣል። የምርምር ንድፍ ትምህርት ዓይንን ወደማይታየው ይመልሳል፦ ያው ሰው፣ በዚያው ዘመን፣ ድጋፉን ባያገኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ የሚሰበሰብ ቁጥር፣ ብዛቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ መልስ አይሆንም።

በምዕራፍ ሦስት የአማካይና የስርጭት ትርጉም፣ ማለትም ቁጥሮች በአንድ መካከለኛ ዋጋ ዙሪያ እንዴት እንደሚበታተኑ ተብራርቷል፤ በምዕራፍ አራት ደግሞ ሁለት ነገሮች አብረው መጨመራቸው ወይም አብረው መቀነሳቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን እንደማያረጋግጥ ታይቷል። ያ ምዕራፍ የተዘጋው ግን ትልቁን ጥያቄ ሳይመልስ ነበር፤ አብሮ መሄድ ምክንያት መሆንን ካላረጋገጠ፣ ምክንያት በምን ይታወቃል? የዚህ ምዕራፍ መልስ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅና በሰመርቪል ከተሞች በተደረገ አንድ የሥነ ልቡና ጥናት ላይ ይመሠረታል። ጥናቱ የተመረጠው ንድፉ ለጀማሪ ግልጽ ስለሆነና ውጤቱ የደጋፊዎቹን ተስፋ ስለገለበጠ ነው። በምዕራፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳማከሴውና ሳምንቱ

ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጠዋል፣ ቅጠሉ ታሽቶ ፊቱንና ግንባሩን ይቀባል፣ ከዚያም ጋቢ ተከናንቦ ይተኛል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ላብ ወጥቶት ቀለል ሲለው ቤተሰቡ ዳማከሴው እንዳዳነው ይናገራል። ዳማከሴው አድኖት ሊሆን ይችላል። ይሁንና እንደ ጉንፋን ያለ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ በራሱ የሚለቅ በመሆኑ፣ መሻሉ ብቻውን ለዳማከሴው አይመሰክርም። ለማረጋገጥ ያው ሰው፣ በዚያው ሕመም፣ በዚያው ሰዓት ዳማከሴ ጠጥቶም ሳይጠጣም መታየት ነበረበት፤ ይህ ደግሞ ከቶ የማይቻል ነገር ነው። ስለዚህ በምክንያትና በውጤት ላይ በሚደረግ ምርምር ሁሉ ከንጽጽሩ አንዱ ወገን ዘወትር የጎደለ ነው። ይህ ጎዶሎ ወገን በዚህ መጽሐፍ «ባይሆን ኖሮ» ተብሎ ይጠራል።

«ባይሆን ኖሮ» ሲዘነጋ ሁለት ነገሮች በተለይ ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ራሱ ነው። ልጅ ያድጋል፣ ቁስል ይደርቃል፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ድንጋይ ሲወረውር የነበረ ጎረምሳ በሃያ አምስት ዓመቱ ቤተሰብ መሥርቶ ሊገኝ ይችላል፤ በነዚህ ዓመታት መካከል የተሰጠው ማንኛውም ምክር የለውጡ ባለቤት መስሎ ይታያል።

ሁለተኛው በምዕራፍ ሦስት ከተነሣው ስርጭት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች «ወደ አማካይ መመለስ» ይሉታል። እናት ልጇን ወደ ሐኪም የምትወስደው ትኩሳቱ ሲበረታ እንጂ ቀዝቀዝ ሲል አይደለም፤ ከፍ ብሎ የነበረ ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሲለካ፣ ማንም ባይነካውም እንኳ፣ ዝቅ ብሎ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። በዚህ ዓመት ጠባያቸው እጅግ የከፋ ልጆች ተመርጠው ቢታዩ፣ በሚቀጥለው ዓመት በአማካይ የተሻሉ ሆነው ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ ምርጫ ላይ የተመሠረተ ማንኛውም የድጋፍ ሥራ፣ የረባ ነገር ባይሠራም፣ የሠራ መስሎ ይታያል ማለት ነው። በርካታ የሥልጠናና የምክር መርሐ ግብሮች «ከመቶ ይህን ያህሉ ተሻሽለዋል» ብለው የሚያወጡት ዘገባ የሚቆመው በዚህ በማይጸና መሬት ላይ ነው።

የዶክተር ካቦት ጥያቄ

ሪቻርድ ክላርክ ካቦት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና እንዲሁም የማኅበራዊ ሥነ ምግባር ፕሮፌሰር ነበሩ። ሐኪም እንደመሆናቸው መድኃኒት በውጤቱ መለካት እንዳለበት ያምኑ ስለነበር፣ በ1931 በማኅበራዊ ሠራተኞች ብሔራዊ ጉባኤ ላይ ባደረጉት ንግግር ባለሙያዎቹ የሥራቸውን ፍሬ እንዲለኩና እንዲመዝኑ አጥብቀው ጠይቀዋል። የራሳቸውም እምነት ነበራቸው፦ በችግር ሰፈር የሚያድግ ልጅ ከቤተሰቡ ውጭ አንድ ታማኝ ጎልማሳ ወዳጅ ቢያገኝና ያ ወዳጅ ለዓመታት ባይለየው፣ ከወንጀል ይርቃል የሚል። እምነታቸውን በንግግር ማስፋፋት ይበቃቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ውድቅ ሊሆን በሚችልበት መንገድ እንዲፈተን አደረጉ። የምርምር ሰው የሚለየው በዚህ ነው።

ዝግጅቱ በ1935 ተጀመረ፤ ከልጆቹ ጋር የሚሠራው ሥራ ደግሞ በ1939 ተጀምሮ እስከ 1945 ዘለቀ። የተመረጡት ሰፈሮች ሰው የተጨናነቀባቸው፣ የሠራተኛና የድሃ ቤተሰቦች መኖሪያዎች ነበሩ። ልጆቹ ሁሉም ወንዶች ሲሆኑ አማካይ ዕድሜያቸው አሥር ዓመት ከግማሽ ገደማ ነበር። ወደ ጥናቱ እንዲገቡ የተደረጉት አስቸጋሪ የተባሉት ብቻ አልነበሩም፤ እንደ ማንኛውም ልጅ ያሉትም ተጨምረዋል፣ ይህም በጥናቱ የታቀፈ ልጅ «ዱርዬ» የሚል ስም እንዳይለጠፍበት ነው።

ስለ እያንዳንዱ ልጅ ዕድሜ፣ የአእምሮ ችሎታ፣ የቤት ሁኔታ፣ የቤተሰብ ታሪክና ጠባይ መረጃ ተሰብስቦ፣ ባለሙያዎች እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉትን ልጆች ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሯቸው። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ ድጋፍ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ ሳንቲም ተጥሎ ተወሰነ። በመጨረሻ በጥናቱ የቀሩት 506 ልጆች፣ ማለትም 253 ጥንዶች ነበሩ። ድጋፍ የተሰጣቸው 253ቱ የሙከራ ቡድን ሲባሉ፣ ምንም ያልተደረገላቸውና ስለራሳቸው መረጃ ከመስጠት ያለፈ ነገር ያልተጠየቁት 253ቱ ደግሞ የማነጻጸሪያ ቡድን ይባላሉ።

ድጋፉ እንዲያው ለይስሙላ የተደረገ አልነበረም። አማካሪዎች በአማካይ በወር ሁለት ጊዜ ያህል ወደ ቤተሰቡ ይሄዱ ነበር፤ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ በትምህርት ተደግፈዋል፣ ከ100 በላይ የሚሆኑት የሕክምና ወይም የአእምሮ ጤና እርዳታ አግኝተዋል፣ ሩብ ያህሉ ወደ ክረምት ካምፕ ተልከዋል፣ ብዙዎቹም ከቦይ ስካውትና መሰል ማኅበራት ጋር ተገናኝተዋል። ይህ ሁሉ በአማካይ አምስት ዓመት ያህል ቀጠለ። ዛሬም ቢሆን እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ቢቀርብ በበጎነቱ የሚጠራጠር ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ዘውድና ጎፈር

የንድፉ ሁሉ ቁልፍ ሳንቲሟ ናት። ልጆቹ እንዲህ በጥንቃቄ ከተጣመሩ በኋላ ጉዳዩን ለዘውድና ጎፈር መተው ላልለመደ ሰው እንደ ቸልታ ሊታየው ይችላል፤ ልምድ ያለው አማካሪ እያለ፣ ድጋፉ ይበልጥ የሚያስፈልገውን ልጅ ለምን አይመርጥም?

መልሱ ከእቁብ ሊቀዳ ይችላል። የእቁብ ሰብሳቢ የዙሩን ገንዘብ ለሚወደው አይሰጥም፤ የሚያዝንለት ጎረቤት ቢኖረውም፣ ገንዘቡ የጨነቀው አባል ቢለምነውም፣ ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተጠቅልለው ይቀላቀሉና አንዱ ይወጣል። አባላቱ በዚህ የሚተማመኑት ዕጣው ብልህ ስለሆነ አይደለም፤ የሚተማመኑት ዕጣው ማንንም ስለማያውቅ ነው። በምርምርም እንዲሁ ነው። አማካሪው ቢመርጥ ኖሮ ሳያስበው ፊቱ የሚስበውን፣ እናቱ በር ድረስ ወጥታ የምትቀበለውን፣ ይለወጣል ብሎ ተስፋ የሚያደርግበትን ልጅ ይመርጥ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የተመረጠው ልጅ ቢሻል፣ ያሻለው ድጋፉ ይሁን ቀድሞውንም ያስመረጠው ነገር መለየት አይቻልም። ፈቃደኞችን ብቻ መቀበልም ከዚህ አይሻልም፤ ለመሻሻል ፈቃደኛ የሆነ ሰው አስቀድሞ ጉዞ የጀመረ ሰው ነውና።

እዚህ ላይ ማጣመርና ዕጣ የተለያየ ሥራ እንዳላቸው በጥንቃቄ መታየት አለበት። ማጣመር የሚያመሳስለው የታወቀውንና የተለካውን ብቻ ነው፤ ዕድሜ፣ የአእምሮ ችሎታ፣ የቤት ሁኔታ። ስለ ልጁ በተሰበሰበው መረጃ ውስጥ ያልገባው ነገር ግን የትየለሌ ነው፤ በምስጢር የሚጠጣ አባት፣ ልጁን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ አያት፣ ከጎረቤት ያለ ክፉ ወይም ደግ ጓደኛ፣ ማንም ለመለካት ያላሰበው የልጁ የራሱ ትዕግሥት። ሳንቲሟ እነዚህን ሁሉ ሳታውቃቸው ለሁለቱ ቡድኖች ታከፋፍላለች። 253 ጊዜ ስትጣል፣ የሚጠጡ አባቶችም ደጋግ አያቶችም በሁለቱም ወገን በተቀራራቢ ቁጥር ይገኛሉ። እንግዲህ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የቀረው ቋሚ ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ ድጋፉ። በዚህ መንገድ የማነጻጸሪያው ቡድን የጎደለውን «ባይሆን ኖሮ» ይተካል። ለአንድ ልጅ ባይሆንም ለቡድኑ ይተካል፤ ለምርምሩ ደግሞ ይህ በቂ ነው።

ለዚህ አሠራር የስታቲስቲክስ መሠረት የተጣለው በእርሻ ምርምር ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠሩ፣ ማዳበሪያ የሚደረግበት ቁራሽ መሬት በዕጣ መለየት እንዳለበት አስተምረዋል፤ በ1935 ያሳተሙት የሙከራ ንድፍ መጽሐፍም የመስኩ መሠረት ሆኗል። ገበሬ ምክንያቱን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። አዲስ የጤፍ ዘር በጥቁር አፈር ላይ፣ ነባሩ ደግሞ በጭንጫ ላይ ቢዘራ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ የተወዳደሩት ዘሮቹ ሳይሆኑ መሬቶቹ ናቸው።

የምስጋና ምስክርነት

በ1951 ኤድዊን ፓወርስና ሄለን ዊትመር የመጀመሪያውን ሰፊ ግምገማ በመጽሐፍ አሳተሙ፤ ድጋፍ ያገኙትና ያላገኙት ልጆች በወንጀል መዝገብ ረገድ የሚለያዩበት ነገር አልተገኘም። ምናልባት ፍሬው የሚታየው ልጆቹ ጎልማሶች ሲሆኑ ነው የሚል ተስፋ ግን ቀርቶ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪዋ ጆአን ማኮርድ እነዚያን ልጆች፣ አሁን ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጉትን ሰዎች፣ በያሉበት ማፈላለግ ጀመሩ፤ የፍርድ ቤት፣ የአእምሮ ሕክምናና የሞት መዛግብትን መረመሩ፣ መጠይቅ ላኩ፣ ውጤታቸውንም በ1978 አሳተሙ።

ድጋፍ ካገኙት መካከል መጠይቁን ከመለሱት ሁለት ሦስተኛው መርሐ ግብሩ እንደጠቀማቸው ተናገሩ። አንዳንዶቹ ከወንጀል ሕይወት ያዳናቸው አማካሪያቸው እንደነበረ ጻፉ። እነዚህን ሰዎች ውሸታም ማለት አይቻልም፤ የልባቸውን ተናግረዋል፣ የተደረገላቸውም ደግነት እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ሰው ስለ ደረሰበት እንጂ ስላልደረሰበት ሕይወት ምስክር ሊሆን አይችልም። ዳማከሴ ጠጥቶ የዳነው ሰው መዳኑን ያውቃል፤ ባይጠጣ ምን እንደሚሆን ግን ከጎረቤቱ የተሻለ እውቀት የለውም።

ቁጥሩም ብቻውን ሲታይ እንደ ምስክሩ ያታልላል። ድጋፍ ካገኙት 253 ሰዎች መካከል በንብረት ወይም በሰው ላይ ከባድ ወንጀል በመፈጸም የተፈረደባቸው 49 ነበሩ። ይህ ማለት 204ቱ፣ ከመቶ ሰማንያ አንድ ያህሉ፣ ከከባድ ወንጀል ርቀዋል ማለት ነው። የማነጻጸሪያ ቡድን ባይኖር ኖሮ ይህ አኃዝ በትልቅ ፊደል ታትሞ ወጥቶ፣ ካምብሪጅና ሰመርቪል የስኬት ምሳሌ ሆነው ለሌሎች ከተሞች በተሰበከላቸው ነበር። ምንም ካልተደረገላቸው 253 ሰዎች መካከል ግን በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው 42 ናቸው፤ 211ዱ፣ ከመቶ ሰማንያ ሦስት ያህሉ፣ ያለ አማካሪና ያለ ካምፕ ከከባድ ወንጀል ርቀዋል። ቀላል የደንብ መተላለፍን ጨምሮ በጎልማሳነታቸው በማናቸውም ጥፋት የተፈረደባቸው ሲቆጠሩ ደግሞ ከሁለቱም ቡድን እኩል 168፣ 168 ሆነው ተገኙ።

49 እና 42

49 ከ42 ይበልጣል። ታዲያ ድጋፉ ሰባት ሰዎችን ወደ ከባድ ወንጀል ገፋ ማለት ነውን? የሳንቲሟ ሁለተኛ ሥራ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሳንቲሟ ልጆቹን በእኩልነት ስታከፋፍል ፍጹም አታደርገውም፤ አሥር ጊዜ የተጣለች ሳንቲም አምስት ዘውድና አምስት ጎፈር የምትሰጠው ከአራት አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን የሳንቲም ስሕተት ከሰው አድልዎ የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ መጠኑ አስቀድሞ በሒሳብ ይታወቃል። የአማካሪ ምርጫ ምን ያህል እንዳዛባ የሚያሰላ ቀመር የለም፤ ዕጣ ምን ያህል ሊያዛባ እንደሚችል ግን ማስላት ይቻላል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከአንድ ግምት ነው፦ ድጋፉ ማንንም አልለወጠም። የስታቲስቲክስ መጻሕፍት ይህን «ባዶ መላ ምት» ይሉታል፤ ባዶ የተባለው ምንም ልዩነት የለም ብሎ ስለሚነሣ ነው። በዚህ ግምት መሠረት በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው 91 ሰዎች፣ ማለትም 49 ሲደመር 42፣ ድጋፍ ቢያገኙም ባያገኙም ወደዚያው መንገድ መግባታቸው አይቀርም ነበር፤ ሳንቲሟ የወሰነችው ገና ልጆች ሳሉ በየትኛው ቡድን ስም እንደሚመዘገቡ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ ሳንቲም ብቻ 91 ሰዎችን ለሁለት ሲከፍል፣ 49 ለ42 ወይም ከዚያ የባሰ ልዩነት የሚያሳየው በስንት ጊዜ ነው? መልሱ በግማሹ ጊዜ ገደማ ነው። ጥናቱ በሐሳብ መቶ ጊዜ ቢደገም፣ ድጋፉ ሙሉ በሙሉ ከንቱ ቢሆን እንኳ፣ ሃምሳ በሚሆነው ጊዜ ይህን ያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት ይታይ ነበር። ስለዚህ ሰባቱ ሰዎች የዕጣ እንጂ የድጋፉ ሥራ አይደሉም ብሎ ማሰብ ፈጽሞ አያስቸግርም።

ይህ በመቶኛ የሚገለጽ ዕድል በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ፒ ቫልዩ የሚባለው ነው። ፊሸር ከሃያ አንድ፣ ማለትም ከመቶ አምስት፣ እንደ አመቺ ወሰን እንዲወሰድ ሐሳብ አቅርበው ስለነበር፣ ከዚያ ያነሰ ዕድል ያለው ልዩነት «ጉልህ» ይባላል። ቃሉ ብዙዎችን አሳስቷል። ጉልህ ማለት ትልቅ ወይም ጠቃሚ ማለት አይደለም፤ በዕጣ ብቻ ለመምጣት የሚያስቸግር ማለት ብቻ ነው። ጉልህ ያልሆነ ማለትም ልዩነት አለመኖሩ ተረጋግጧል ማለት አይደለም፤ በዚህ ሚዛን አልታየም ማለት ነው።

የናሙና መጠን፣ ማለትም የተጠኑት ሰዎች ብዛት፣ የሚገባውም በዚህ በር ነው። አሥር ጥንዶች ብቻ ተጠንተው በስምንቱ ድጋፍ ያገኘው ልጅ ቢብስ ብዙ ሰው ይደነግጥ ይሆናል፤ ሆኖም አሥር ጊዜ የተጣለ ሳንቲም ስምንት ለሁለት ወይም ከዚያ የተዛባ ውጤት፣ በየትኛውም ወገን፣ ከመቶ አሥራ አንድ ጊዜ ያህል ይሰጣል። መቶ ጥንዶች ተጠንተው በሰማንያው ቢብስ ግን ሳንቲሟን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። መጠኑ ያው ነው፤ ከአሥር ስምንት። የተለወጠው የማስረጃው ክብደት ነው።

በጎ አሳብ ያስከተለው ጉዳት

ማኮርድ ከወንጀል ባሻገር ሌሎች የሕይወት ገጽታዎችንም ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ከዚህ የከበደ ሆነ። ድጋፍ ያገኙት ሰዎች ከማነጻጸሪያው ቡድን ይልቅ ወንጀልን የመድገም፣ የመጠጥ ሱሰኝነት ምልክት የማሳየት፣ የከባድ አእምሮ ሕመም ምልክት የማሳየት፣ እንደ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ባሉ ከጭንቀት ጋር በተያያዙ በሽታዎች የመያዝ አዝማሚያ ነበራቸው፤ ከሞቱትም መካከል ድጋፍ ያገኙት በለጋ ዕድሜ የሞቱ ሆነው ተገኙ፤ በሥራቸውም የሚረኩት ያነሱ ነበሩ። ሚዛኑ ጉልህ ልዩነት ባሳየበት ሁሉ ልዩነቱ የወደቀው ድጋፍ ባገኙት ላይ ነው።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ተቃውሞ ቢያነሣ ተገቢ ነው። ሃያ የተለያዩ ነገሮች እያንዳንዳቸው ከመቶ አምስት በሆነው ወሰን ቢመዘኑ፣ ምንም እውነተኛ ልዩነት ባይኖርና ሃያው ነገሮች እርስ በርስ ባይገናኙ እንኳ፣ ቢያንስ አንዱ በዕጣ ብቻ ጉልህ ሆኖ የመውጣቱ ዕድል ከመቶ ስድሳ አራት ያህል ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ ወንዝ መረቡን የጣለ ሰው አንድ ዓሣ ቢያወጣ አያስገርምም። ይህን ተቃውሞ የሚያለዝቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው አቅጣጫው ነው፤ ዕጣ ብቻውን ቢሆን ኖሮ አንዱን ልዩነት ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ በጣለው ነበር። ሁለተኛው ኋላ በተደረገው ትንተና የታየው ነገር ነው። ጉዳቱ ድጋፉን ለረዥም ጊዜና በብዛት ባገኙት ልጆች ላይ በረታ፤ ቤተሰባቸው ከአማካሪዎቹ ጋር ሳይተባበር በቀረ ልጆች ላይ ግን አልታየም። መጠኑ ሲጨምር የሚጨምር፣ ሲቀር የሚቀር ውጤት ከአጋጣሚ ይልቅ ምክንያትን ይመስላል።

ለምን እንደጎዳ የቀረቡት ማብራሪያዎች ግን እንደ ውጤቱ የጸኑ አይደሉም፤ ዕጣው የተጣለው ድጋፍ በማግኘትና ባለማግኘት ላይ እንጂ በየማብራሪያው ላይ አይደለምና። ከሁሉ ይበልጥ ሚዛን የሚደፋው በክረምት ካምፖቹ ላይ የተደረገው ምርመራ ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ካምፕ የተላኩት ልጆች ከየጥንዶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ብሰው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ይህን ሲያስረዱ አስቸጋሪ ልጆች በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡ አንዱ የሌላውን ጥፋት በሳቅና በአድናቆት ያበረታታል ይላሉ። ማኮርድ ራሳቸው ቀደም ሲል ልጆቹ ሁልጊዜ የሚደግፋቸው ሰው እንዳለ ለምደው ሲለያቸው ተስፋቸው ተቋርጦ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብም ሰንዝረዋል። እነዚህ ማብራሪያዎች ሊያሳምኑ ይችላሉ፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሳንቲም ተጥሎላቸው እስኪፈተኑ ድረስ መላ ምት እንጂ እውቀት ሊባሉ አይገባም።

ለግማሹ መከልከል ግፍ ነውን

በማነጻጸሪያ ቡድን ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ ከልብ የሚመጣው ይህ ነው፦ የተቸገረን ልጅ በሳንቲም ከእርዳታ ማስቀረት ጭካኔ አይደለምን? ጥያቄው ክብር ይገባዋል፤ ችላ የሚለው ተመራማሪም ሊታመን አይገባም። አንድ ድጋፍ እንደሚጠቅም ከተረጋገጠ በኋላ ለንጽጽር ሲባል መንፈግ በእርግጥ ግፍ ነው። ካልተረጋገጠ ግን ግፍ የሚለው ቃል ድጋፉ ጥቅም እንደሆነ አስቀድሞ ወስኖ የተነሣ ነው፤ የሚጠየቀው ነገር ደግሞ እርሱው ነው። በ1939 በካምብሪጅ የነበረ ማንኛውም ደግ ሰው ሳንቲሟ ለጎደለችበት ልጅ ባዘነለት ነበር። ማዘን ይገባ የነበረው ለሌላው ልጅ እንደሆነ የታወቀው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያውም ሳንቲሟ ስለተጣለች ብቻ።

ድጋፍ ለሁሉ የማይዳረስበት ጊዜና ቦታ ብዙ ነው። መቶ ሰዎች ተመዝግበው ለሃምሳ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ሲኖር አንድ ዓይነት ምርጫ መደረጉ አይቀርም፤ ምርጫው በትውውቅና በቅድሚያ በመምጣት ከሚሆን ይልቅ በዕጣ ቢሆን ለተመዝጋቢዎቹ ፍትሐዊ፣ ለምርምሩም ፍሬያማ ይሆናል። ተራ ሳይደርሳቸው የቀሩት ሃምሳዎች ስማቸው ተጠብቆ በኋላ ቢጠየቁ፣ መርሐ ግብሩ ራሱን የሚያይበት መስታወት ያገኛል። የሥልጠናም ሆነ የምክር ሥራ የሚመሩ ሰዎች ይህን ከመጀመሪያው ቀን ቢያስቡበት ዋጋው የአንድ መዝገብ ዋጋ ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም።

ሪቻርድ ካቦት በ1939፣ ከልጆቹ ጋር የሚሠራው ሥራ በተጀመረበት ዓመት፣ ዐረፉ፤ ድጋፉ ምን እንዳስከተለ አላዩም። ያቆሙት ንድፍ ግን ከእርሳቸው በኋላ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ እምነታቸውን ለመመዘን በቃ። ድጋፍ ስለተሰጣቸው 253 ልጆች ዛሬ የሚታወቀው ነገር የታወቀው አማካሪ ባልጎበኛቸው፣ ካምፕ ባልሄዱት፣ ስለራሳቸው ከመናገር በቀር ምንም ባልተጠየቁት በሌሎቹ 253 ልጆች ነው።